09 ወይስ 07? ሲም ከመቀየራችሁ በፊት ቤታችሁ ውስጥ ፈትኑት

እናቴ ስልኬን አላነሳችም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። በአራተኛው የጎረቤት ልጅ አነሳውና «ማን ልበል?» አለኝ። ስሜን ስነግረው ስልኩን ይዞላት ሮጠ። «ልጄ፣ አንተ ነህ እንዴ? በ07 የሚጀምር ቁጥር ሳይ ማን ይሁን ብዬ ዝም አልኩት» አለችኝ።

እናቴ የምትኖረው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ገጠር ነው። ስልኳ ባለ ቁልፍ ትንሽዬ ቀፎ ነው። የምታውቀው ቁጥሬ ደግሞ አንድ ነው፤ አሥራ ምናምን ዓመት የያዝኩት የኢትዮ ቴሌኮሙ 09። አዲሱን የሳፋሪኮም 07 ሲም ካወጣሁ ገና ሁለተኛ ቀኔ ነበር። ኢንተርኔቱን ወድጄው የድሮውን ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያስቆመችኝ እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ልቀይር ወይስ ልቆይ?» ሲለኝ መልሴ አንድ ነው። ቁጥራችሁን አትንኩ፣ ኢንተርኔታችሁን ግን ያለ ይሉኝታ አወዳድሩ። ስልክ ቁጥርና ኢንተርኔት አንድ ሲም ላይ ስለሚመጡ አንድ ነገር ይመስሉናል። አይደሉም። ለያይተን ስናያቸው ምርጫው በጣም ይቀላል።

ምርጫ ራሱ ለእኛ አዲስ ነው

ስልክ አገራችን የገባው በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። ሞባይል አዲስ አበባ ላይ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ይኼ ሁሉ ዘመን ሲያልፍ መስመር የሚሰጠን አንድ መንግሥታዊ ድርጅት ብቻ ነበር። ስሙ ተቀያይሮ ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም ሆኗል። ሌላ ስላልነበረ «የቱ ይሻላል?» የሚባል ጥያቄም አልነበረም።

ሁለተኛው ፈቃድ የተሰጠው በግንቦት 2013 ነው። የኬንያው ሳፋሪኮም፣ ቮዳኮም፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞና ሌሎችም ያሉበት ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ገባ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መጀመሪያ ነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ ሞከረ። ከዚያ መስከረም 26 ቀን 2015 አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ ጀመረ። የሱ ቁጥር በ07 ይጀምራል፤ የኢትዮ ቴሌኮም በ09። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ማንም የድርጅቶቹን ስም አይጠራም። «ዜሮ ዘጠኝ ነው ዜሮ ሰባት?» ነው የሚባለው።

ገበያው መከፈቱ ሁለቱንም ተጠቃሚ ጠቅሟል ብዬ አምናለሁ። ቴሌኮም ለግል ባለሀብት ሊከፈት ነው በተባለ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ነሐሴ 2010 ላይ፣ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፉን በ43 በመቶ፣ የድምፁን በ40 በመቶ ቀነሰ። ተፎካካሪው ገና አገር ውስጥ ሳይገባ ማለት ነው። 09 ላይ የቆየ ሰውም 07 በመኖሩ ያተርፋል።

መጀመሪያ የሚታየው፦ የምትውሉበት ቦታ

«ኔትወርኩ ፈጣን ነው» የሚል ወሬ ብዙም አትስሙ። ፈጣን የት ነው? ቦሌ መንገድ ላይ ቆሞ የሚያወራ ሰውና ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መኝታ ቤቱ ተኝቶ የሚያወራ ሰው የአንድ ድርጅት ደንበኛ ሆነው ሁለት የተለያየ ነገር ያገኛሉ።

ምክንያቱ ይኼ ነው። ስልካችሁ የሚያወራው ከቅርቡ ማማ ጋር ነው። ዝቅ ባለ ሞገድ የሚሠራ ማማ ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳም አይከለክለውም፤ የሚሸከመው ዳታ ግን ትንሽ ነው። ከፍ ያለው ሞገድ ብዙ ዳታ ይሸከማል፣ ብሎኬትና ኮንክሪት ሲያጋጥመው ግን ይደክማል። ስለዚህ በረንዳ ላይ የሚበር ኢንተርኔት ኩሽና ስትገቡ ሊሞት ይችላል። ደግሞ አንድ ማማ ያለውን ለሁሉም ያካፍላል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደህና የነበረው፣ ሰፈሩ ሁሉ ከሥራ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይንቀራፈፋል።

ስለዚህ የኔ ፈተና አራት ቦታና ሁለት ሰዓት ነው። መኝታ ቤት፣ ሥራ ቦታ፣ የምትመላለሱበት መንገድ፣ እና ቤተሰብ ያለበት አገር ቤት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቀንም ማታም ሞክሩ። አዲስ ሲም ማውጣት ውድ አይደለም። እሱንም ካልፈለጋችሁ ጓደኛችሁን ቡና ጋብዙትና ስልኩን ይዞ ቤት ይምጣ።

እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ሁለቱን ሲሞች ይዤ ከሳሎን ጀመርኩ። የሲም መክፈቻዋ መርፌ ስለጠፋችብኝ በባለቤቴ የጆሮ ጌጥ ጫፍ ነበር የምከፍተው። ሁለቱንም ሲም በየተራ አንድ ቀዳዳ ውስጥ፣ አንደኛው ቦታ ላይ እያስገባሁ ሞከርኩ። ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ የቆዩ ቀፎዎች ላይ ሁለተኛው የሲም ቦታ ፎር ጂ አይቀበልም፤ ቱ ጂ ወይ ስሪ ጂ ብቻ ነው የሚሠራው። ሰው አዲሱን ሲም ሁለተኛው ቦታ ላይ ይሰካና «ይኼ ኔትወርክ አይረባም» ብሎ ይጥለዋል። ጥፋቱ የቀፎው ነው።

ውጤቱ? ሳሎን ላይ ልዩነት የላቸውም። መኝታ ቤት አንደኛው ሁለት መስመር አሳየ፣ ሌላኛው ሙሉ። መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ተገላበጠ። የትኛው የት እንዳሸነፈ ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም፤ የእናንተ ግድግዳና የእናንተ ማማ ሌላ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የፍጥነት መለኪያ መተግበሪያ ላይ ትልቅ ቁጥር ማየት አይበቃም። በቴሌግራም አምስት ደቂቃ የቪዲዮ ጥሪ አድርጉ። ድምፁ ካልተቆራረጠና ፊቱ ካልደረቀ ያ መስመር ለሥራም ለቤተሰብም ይሆናል።

አገር ቤትን በተመለከተ ግን ሳልሸፋፍን ልናገር። ኢትዮ ቴሌኮም ለአሥርት ዓመታት የዘረጋው ማማ አለው፤ ደንበኞቹም ከ80 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሳፋሪኮም ከተሞችንና ዋና ዋና መንገዶችን ይዞ እየሰፋ ነው፣ 10 ሚሊዮን ደንበኛም አልፏል። በአጭር ጊዜ ይኼን መድረስ ቀላል አይደለም። ግን ከከተማ ወጥታችሁ ወረዳና ቀበሌ ለምትዞሩ ሰዎች፣ ለጤና ባለሙያ፣ ለአገር አቋራጭ ሾፌር፣ ለእህል ነጋዴ፣ 09 ሳይዙ መውጣት አይመከርም። የምትሄዱበትን ወረዳ ስም ይዛችሁ እዚያ ያለ ሰው ጠይቁ። እዚያ የሚኖር ሰው የሚነግራችሁ ከማስታወቂያው ካርታ ይበልጣል።

ዋጋ፦ የጊጋውን ሳይሆን ያልባከነውን ቁጠሩ

ብዙ ሰው ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ያስቀምጥና «በዚህ ብር ይኼኛው ብዙ ጊጋ ይሰጣል» ብሎ ይወስናል። ይኼ አያዋጣም። የጊዜ ገደቡ ነው ገንዘባችሁን የሚበላው።

ለስሌት እንዲመች ቁጥር እንያዝ። አንዱ 1 ጊጋ በ30 ብር ለአንድ ቀን ይሸጣል እንበል። ሌላው 1 ጊጋ በ50 ብር ለሳምንት። ሲታይ የመጀመሪያው ርካሽ ነው። ግን እናንተ በቀን የምትጠቀሙት 140 ሜጋ ብቻ ከሆነ፣ በመጀመሪያው በሳምንት 210 ብር ታወጣላችሁ፤ አብዛኛው ጊጋ ቀኑ ሲያልቅ ይቃጠላል። በሁለተኛው 50 ብር ይበቃችኋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ባለፈው ወር ስንት ጊጋ እንደተጠቀማችሁ እዩ። ያንን ቁጥር ሳትይዙ ማወዳደር በጨለማ መንገድ መሄድ ነው።

የድምፅ ጥቅል ላይ ደግሞ ደቂቃው ወዴት እንደሚሠራ አንብቡ። አንዳንዱ በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላው ለሁለቱም። የመጨረሻዎቹን ሃያ ጥሪዎቻችሁን ክፈቱና ስንቱ 09፣ ስንቱ 07 እንደሆነ ቁጠሩ። እኔ ስቆጥር አሥራ ሰባቱ 09 ሆነ። ይኼ ማለት በ07 ሲም «በውስጥ ብዙ ደቂቃ» ቢሰጠኝ የምደውልለት ሰው የለኝም። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያላችሁ፣ ጓደኞቻችሁ ሁሉ 07 የያዙ ተማሪ ከሆናችሁ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል።

ሌላ ነገር። ጥቅሉ ሲያልቅ ኢንተርኔቱ ሳይቋረጥ ካርዳችሁን መብላት እንዳይጀምር ተጠንቀቁ። ጥቅል በሌለበት የሚቆረጠው ዋጋ ሁሌም ከጥቅሉ ይወደዳል። ስልካችሁ ላይ የዳታ ገደብ አስቀምጡ፣ መተግበሪያዎች በራሳቸው እንዳይታደሱም አጥፉ። «ያልተገደበ» የተባለ ጥቅል ስትገዙም ከተወሰነ ጊጋ በኋላ ፍጥነት ይቀንስ እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ዝርዝሩን አንብቡ።

የዛሬውን ዋጋ እዚህ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የስልክ ታሪፍም እንደ ሌላው ሁሉ ጨምሯል፣ ጥቅሎችም ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉ። በ09 *999#፣ በ07 *777# ደውላችሁ የዛሬውን እዩ። ሁለቱም የራሳቸው መተግበሪያ አላቸው፤ በዚያ ስትገዙ ጭማሪ የሚሰጡበት ጊዜም ስላለ አወዳድሩ።

ገንዘቡስ?

ብዙ ሰው 09ን የማይተወው በኔትወርኩ ሳይሆን በኢትዮ ቴሌኮሙ የገንዘብ ቦርሳ በቴሌብር ነው። ትክክል ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ላይ ተጀመረ፤ ዛሬ የመብራትና የውሃ ክፍያ፣ የትራፊክ ቅጣት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ምኑ ቅጡ። ሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ሲቀር ሾፌሩ ሁሉ ቴሌብር ከፈተ። ሱቁ፣ ጉሊቱ፣ ታክሲው ሳይቀር «ቴሌብር አለህ?» ይላል።

የሳፋሪኮሙ ኤም ፔሳ ኬንያ ውስጥ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ስም ነው። እኛ ዘንድ ሥራ የጀመረው በነሐሴ 2015 ነው። ሥርዓቱ የተፈተነ ነው፣ ካርድና ጥቅል በሱ ስትገዙም ብዙ ጊዜ ጥቅም ታገኛላችሁ። ግን የገንዘብ ቦርሳ የሚመረጠው በአሠራሩ ውበት አይደለም። ከእናንተ ገንዘብ የሚቀበሉትና ለእናንተ የሚልኩት ሰዎች የቱን ይዘዋል? ባለሱቃችሁን፣ ቤት አከራያችሁን፣ የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ጠይቁ። እነሱ የሚቀበሉትን መያዝ ግድ ነው።

እዚህ ላይ ደስ የሚለው ነገር፣ የገንዘቡና የኢንተርኔቱ ምርጫ አንድ መሆን የለበትም። 09 ሲማችሁ ስልኩ ውስጥ እስካለ ድረስ ኢንተርኔቱን ከ07 እየተጠቀማችሁ የቴሌብርን መተግበሪያ መክፈት ትችላላችሁ። *127# ግን ከራሱ ሲም ነው የሚደወለው፤ ስልኩ ሲጠይቃችሁ ትክክለኛውን ሲም ምረጡ። የኤም ፔሳው *733# እንደዚያው ነው።

ቁጥር የሚባለው ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። 07 ስታወጡ የምታገኙት አዲስ ቁጥር ነው። የድሮው ቁጥራችሁ ላይ ግን ስንት ነገር ተንጠልጥሏል! የባንክ ሒሳባችሁ፣ የፋይዳ መታወቂያችሁ ማረጋገጫ ኮድ፣ ቴሌግራማችሁ፣ የፌስቡክ አካውንታችሁ፣ የልጆች ትምህርት ቤት መዝገብ፣ የዕድርና የዕቁብ ዝርዝር። ዱባይ ወይም ቤይሩት ያለች እህታችሁ የያዘችው ቁጥርም እሱ ነው።

እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት ተጨማሪ ሲም ነበረኝ። የትኛው ድርጅት እንደነበር ይቅር። በዚያ ቁጥር አንድ የባንክ ሒሳብ ከፍቼ ነበር፣ ከዚያ ሲሙን መሳቢያ ውስጥ ረሳሁት። ወራት አለፉ። ገንዘብ ላወጣ ስሞክር ባንኩ የማረጋገጫ ኮድ ወደዚያ ቁጥር ላከ። ሲሙን ፈልጌ ስሰካው «ሲም አልተመዘገበም» ይላል። ካርድ ሳይሞላ፣ ጥሪ ሳይደረግ ብዙ ስለቆየ መስመሩ ተዘግቷል። ቅርንጫፉ ድረስ ሄጄ፣ መታወቂያዬን አሳይቼ፣ ፎርም ሞልቼ ቁጥሬን እስካስቀይር ሁለት ቀን ከሥራ ቀረሁ። ከዚያ የባሰው ደግሞ የተዘጋ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ መቻሉ ነው። ያ ሰው በእናንተ ቁጥር ቴሌግራም ሲከፍት ምን እንደሚያጋጥም አስቡት።

ስለዚህ በውሳኔያችሁ ከጸናችሁና የድሮውን ሲም ጨርሳችሁ የምትተዉ ከሆነ በቅደም ተከተል አድርጉት። መጀመሪያ ባንክ። ቀጥሎ ፋይዳ። ከዚያ ቴሌግራምና ኢሜይል፤ ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቁጥር ስትቀይሩ ወሬያችሁ ሁሉ ይከተላችኋል። የቀረ የቴሌብር ገንዘብ ካለ አውጡት። ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ እንኳ ሲሙን ቢያንስ ለጥቂት ወራት በርካሽ ቀፎ ውስጥ አቆዩት፤ አልፎ አልፎ ካርድ እየሞላችሁ ደውሉበት። የረሳችሁት አንድ ነገር ይኖራል፣ ኮዱም ወደዚያ ይመጣል።

ታዲያ ማን ይቆይ፣ ማን ይቀይር?

ስልክ ለመደወልና ለመቀበል ብቻ የሚጠቀም፣ በተለይ ወላጆቻችን፣ ባሉበት ይቆዩ። «አዲሱ ይሻላል» ብላችሁ የእናትን ሲም አትቀይሩባት። የለመደችው ቁጥር ለእሷ እንደ ቤቷ በር ነው።

ኢንተርኔት እንጀራው የሆነ ሰው፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ዕቃ የሚሸጥ፣ ቤቱ ሆኖ ለውጭ አገር ድርጅት የሚሠራ፣ በመተግበሪያ የሚነዳ የራይድ ሾፌር፣ ሁለቱንም ይያዝ። ይኼን እንደ ቅንጦት አትዩት። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይቀጥላል። የዳታውን ሲም መቀየር ሴቲንግ ውስጥ የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው። ደንበኛ እያዋራችሁ ኔትወርክ ሲሄድባችሁ የምታጡት ገንዘብ የሁለተኛውን ሲም ዋጋ ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ባለ አንድ ሲም ቀፎ የያዘ ሰው ነው የሚቸገረው። እሱ ካለበት ሰፈር ይነሣ። መኝታ ቤቱና ሥራ ቦታው ላይ ከሁለቱ አንዱ በግልጽ ከበለጠ፣ እሱን ስማርት ስልኩ ላይ ያድርግ፤ ለድሮ ቁጥሩ ደግሞ ቁልፍ ስልክ ገዝቶ ያኑረው። ብዙ ነጋዴዎች እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ አንድ ስማርት፣ አንድ ቁልፍ ስልክ።

ከውጭ ስልክ ለሚመጣላችሁም አንድ ማሳሰቢያ። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ስልክ በዚያ አገር የስልክ ድርጅት የተቆለፈ ከሆነ የእኛን ሲም፣ 09ም ይሁን 07፣ አይቀበልም። ከአይፎን 14 ጀምሮ ደግሞ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው የሲም ማስገቢያ ጭራሽ የለውም፤ በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ ባለ ዲጂታል ሲም ብቻ ነው የሚሠራው። ከመገዛቱ በፊት «የተከፈተ ነው? ሲም ይገባበታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም ካላችሁ ውድ ስልክ ፎቶ ማንሻ ሆኖ ይቀራል።

ችግር ሲገጥማችሁ ደግሞ በዝምታ ሲም አትቀይሩ። በ09 994፣ በ07 700 ደውሉና ያመለከታችሁበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። ገንዘብ ያለ አግባብ ተቆርጦ መልስ ካጣችሁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። ሁለቱንም ድርጅቶች የሚቆጣጠረው እሱ ነው፣ የደንበኛን ቅሬታ መስማትም ሥራው ነው።

የኔ ስልክ ዛሬም ሁለት ሲም አለው። ለጥሪ 09፣ ለዳታ እንደ ወሩ ዋጋና እንደምውልበት ቦታ አንዳንዴ ይኼ፣ አንዳንዴ ያ። ባለፈው አገር ቤት ስሄድ የጎረቤቱን ልጅ ጠርቼ 07 ቁጥሬን እናቴ ቀፎ ላይ እንዲመዘግበው አደረግሁ። «ልጄ ሁለተኛው» ብሎ ጻፈላት። አሁን በሁለቱም ስደውል ታነሳለች።